ጠንካራውን ውሃ ሳለሰልስ

የሳይንስ አስተማሪ መሆን አንድ መጥፎ ጎን አለው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ፣ ሰዓት ሲቆም፣ በግ ሲያነክስ ሰው ሁሉ ወደ አንተ ይመጣል። «ሳይንስ አይደለም እንዴ የምታስተምረው?» ይልሃል። መጀመሪያ «ኧረ እኔ አላውቅም» ትላለህ። ሁለተኛ ጊዜ «እስቲ ልየው» ትላለህ። በሦስተኛው በጉን አጋድመህ እግሩን ስትጠመዝዝ ትገኛለህ። እኔ በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ወደ አራተኛው ዓመት ገደማ ሁሉን የማውቅ ሰው ሆኜ ነበር። የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝም ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ስለ ውሃ ነው። የተከራየነው የቀበሌ ቤት ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ነበረው። ባለቤቴ ይርገዱ ያን ጉድጓድ ባየች ጊዜ እልል ለማለት ምንም አልቀራት። ደስታችን የቆየው ግን እስከ መጀመሪያው የልብስ አጠባ ድረስ ነው። ሳሙናው አረፋ በማውጣት ፈንታ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራረጠ። ነጭ ሸሚዜ ታጥቦ ሲወጣ ከመታጠቡ በፊት የተሻለ እንደነበረ ታወቀ። ሽምብራ ጠዋት ተጥዶ ማታ ሲወርድ ጥርስ ይፈታተናል። ማንቆርቆሪያችን ከውስጡ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለ። በመማሪያ መጽሐፉ ይህ «ጠንካራ ውሃ» ይባላል፤ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ኖራና የመሳሰለውን አሟሙቶ የያዘ ውሃ ማለት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ግቢዬ ውስጥ እንደሚኖር ግን አላወቅሁም ነበር።

ስለዚህ ይርገዱ የጉድጓዱን ውሃ ለእግር መታጠቢያ ትታ፣ የሚጠጣውንና የሚበሰልበትን እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ከምንጭ ትቀዳ ጀመር። ምንጩ ከከተማው በታች፣ ገደሉ ሥር ነው። ውሃው ለአፍ ጥሩ ነው፤ ጥርስ ያቀዘቅዛል፤ ሽምብራም ያበስላል። መንገዱ ግን ድንጋይ ለድንጋይ ነው። ሲወረድ እንስራው ባዶ ነው፤ ሲወጣ ሙሉ ነው። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

በዚያ ዓመት ይርገዱ አረገዘች። ባለፈው ዓመትም አርግዛ ነበር። አራተኛ ወሯን እንደያዘች ከምንጭ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና ፅንሱ ወረደ። እንስራው አልተሰበረም። የእንስራውን ነገር የማነሣው ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች ሁሉ «እንስራውስ ደኅና ነው?» ይሉ ስለነበረ ነው። እኔም «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እል ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ መልሴ ያሳፍረኛል።

አሁን ታዲያ የጤና ጣቢያው ሰው «እስክትወልድ ድረስ እንስራ የሚባል ነገር ጀርባዋ ላይ እንዳይወጣ» ብሎ አስጠነቀቀን። ይርገዱ ሁለተኛ ልጅ እንዳታጣ እኔ ከማድረግ የምመለሰው ነገር አልነበረም። አሰብኩ። ከጣራው ላይ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም አሸንዳ ልሠራ አስቤ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳይ ክረምቱ ወጥቷል። ጎረቤቶች ተራ በተራ እየቀዱ ይረዱን ጀመር፤ ነገር ግን የሰው ጀርባ ስንት ቀን ይለመናል? ቀኑን ሙሉ ስለ ውሃ ሳስብ የጻፍኩትን ሰሌዳ ሳላጠፋ ከክፍል እወጣ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ የመሬት ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ከከተማችን ሊሄድ ሆነ። አልፎ አልፎ አስተርጓሚው ስለነበርኩ ዕቃውን ሲያድል እኔን አልረሳኝም። ለዘበኛው ጫማ፣ ለሾፌሩ ፍራሽ ደረሰው። እኔን ወደ ጓዳ ወሰደኝና ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ክዳንና ሁለት ቧንቧ ያለው የብረት በርሜል መሰል ነገር አሳየኝ። ውስጡ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ብጫ እንክብሎች ሞልተውታል። ጠንካራ ውሃ ከላይ ይገባል፤ እንክብሎቹ ኖራውን ይይዙታል፤ ከታች ለስላሳ ውሃ ይወጣል። መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጨው ብቻ ነው። ሰውዬውን ዘልዬ አቀፍኩት። ያን ያህል የሚያስደስት ነገር እንዳልሰጠኝ የሚያውቅ ይመስል ትንሽ ደንገጥ አለ።

ጎረቤቶችን «ከእንግዲህ አትድከሙ» ብዬ አመስግኜ፣ ዕቃውን አምጥቼ ግቢው ውስጥ ተከልኩት፤ ከጎኑም በድንጋይ ካብ ላይ የውሃ በርሜል አስቀመጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ባንቺ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። እትዬ ባንቺ ደግ ሴት ናቸው፤ የሰሙትን ለብቻቸው መያዝ ግን አይሆንላቸውም።

«ምንድን ነው እሱ፣ መምህር?»

«ውሃ ማለስለሻ ነው እትዬ ባንቺ። በዚህ ተራ ውሃ ይገባል፣ በዚህ ለስላሳ ይወጣል።»

«ለስላሳ?»

«ለስላሳ።»

«ከዚሁ ከጉድጓዱ?»

«ከዚሁ ከጉድጓዱ።»

«ስኳሩንስ ከየት ታገኛለህ?»

«ስኳር አይፈልግም፤ ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ፈረንጅ እኮ የማያወጣው የለም!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ያን ጊዜ ጠርቼ መመለስ ነበረብኝ። እናንተም እንደምታውቁት በአገራችን «ለስላሳ» ማለት በጠርሙስ የሚመጣ፣ ሲከፈት የሚያፏጭ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር መጠጥ ነው። ደባርቅ ላይ ያን ጊዜ ከጎንደር በአውቶቡስ ሣጥን ሁለት ሣጥን ከመጣ ሠርግ አለ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሠርቷል። ይርገዱ ሸሚዜን በዚያ ውሃ ስታሽ አረፋው እስከ ክርኗ ወጣ። መጀመሪያ በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ሳቀች፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። አንድ እፍኝ አረፋ አንሥታ ፊቴ ላይ ለጠፈችብኝ። የዚያን ቀን ሽምብራው ከምሳ በፊት ፈረሰ። እኔም ግቢ ውስጥ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ሚኒስትር እመላለስ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሳሙናው እንደገና ተቆራረጠ። ከዕቃው ጋር የተሰጠኝን መጽሐፍ ብገልጥ፣ እንክብሎቹ ኖራ ሲጠግቡ በጨው ውሃ ተነክረው፣ ከዚያም ጨዋማነቱ እስኪጠፋ ታጥበው ኃይላቸው እንደሚመለስ ይናገራል። መጠኑን ባነበው፣ ለአንድ ጊዜ የሚጠይቀው ጨው እኛ በሁለት ወር የማንጨርሰው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የቀበሌው ሱቅ ጨው ሲመጣ ሰው ሥራ ትቶ የሚሰለፍበት ጊዜ ነበር። የቤታችንን የጨው ማሰሮ ዕቃው ውስጥ ገለበጥኩት። ይርገዱ ባዶውን ማሰሮ አንሥታ ከደነችው። ለአንድ ሳምንት አልጫችንን ያለ ጨው በላን፤ እሷ ሁለት ጊዜ «ይጣፍጣል» አለች፤ እኔን ላለማስከፋት ነው።

የዚህ ነገር ወሬ የኔታ ዘንድ ደረሰ። የኔታ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ከዕቃው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ አስረዳኝ፤ ይህ ብረት ምን ያደርጋል?»

«ውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ እነዚህ ፍሬዎች ይይዙታል፣ የኔታ። ብዙ ሲይዙ ይደክማሉ። ያን ጊዜ ጨው እናጠጣቸዋለን። ኖራውን ይተፉና ዳግም ልደት ያገኛሉ።» መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል በሌላ አማርኛ መመለስ አቅቶኝ ነው።

የኔታ አማተቡ። «ዳግም ልደት እንኳ በጥምቀት ነው። በጨው ሲሆን ገና ከአንተ ሰማሁ።»

«አባባል ነው፣ የኔታ።»

«አባባልም ወሰን አለው፣ ልጄ። ለመሆኑ ምንጩ ምን ሆነ? ደረቀ?»

«ኧረ አልደረቀም።»

«ውሃው ከፋ?»

«የሱን የመሰለ ውሃ የለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መከራ ምን አመጣው?»

«ይርገዱ መሸከም የለባትም ተብላለች።»

«እኮ። ሌላ ጀርባ ጠፋ?»

«አህያ የለንማ፣ የኔታ» አልኳቸው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አህያስ አለ» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። እኔ የማን አህያ እንደሆነ ለማወቅ ሰፈሩን ሦስት ቀን ስጠይቅ ሰነበትኩ።

በገበያው ቀን ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ከፊሉ ጠርሙስ፣ ከፊሉ ጣሳ፣ ከዳባት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ዋንጫ ይዘዋል። አንዲት ሴት ልጇ መታመሙን ነገረችኝና «እባክህ ከብርቱካኑ» አለችኝ። አንዱ ሰውዬ «ለእኔ ከጥቁሩ» አለ። ይህ ለስላሳ ያ ለስላሳ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ሰው ግን አንዴ ጠርሙሱን አጥቦ ከቤቱ ከወጣ በማስረዳት አይመለስም። «ለዘመድ ሊያስቀረው ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ።

በዚህ መሐል የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«ጓድ መምህር፣ የግል የለስላሳ ፋብሪካ ከፍተሃል ይባላል።»

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃ ነው!»

«ውሃ ከሆነ ይህ ሁሉ ሰፊ ሕዝብ ምን ይሠራል? ቅዳልኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ጠዋት ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ያገኘሁትን ጨው ከጨመርኩ ገና ሩብ ሰዓቴ ነበር፤ እጥበቱን አልጀመርኩም። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ቧንቧውን ራሳቸው ከፍተው ጣሳውን ሞልተዋል። ሕዝብ ፊት ናቸውና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ አፋቸውን አፋቸውን ያያል። የሚደነቅ ሰው ናቸው፤ አልተፉትም። «ለስላሳ አይደለም» አሉ በቀጭን ድምፅ፤ ወዲያው ሰዉ ተበተነ። ለእኔም በሚቀጥለው የውይይት ክበብ ስለ ዕቃው ሰፊ ማብራሪያ እንድሰጥ ትእዛዝ ደረሰኝ።

ማብራሪያው ላይ ስለ ጠንካራ ውሃና ስለ ለስላሳ ውሃ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ወጣት ካድሬ ተነሥቶ «በዚህ በትግል ወቅት፣ ጠንካራ የሆነውን ውሃ ማለስለስ ለምን አስፈለገ? ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ላብ አጠመቀኝ። ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ የይርገዱ ጀርባ ነው ማለት አልቻልኩም። «ልብሳችን ንጹሕ ሆኖ ለሰልፍ እንድንወጣ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያመለጥኩበት ቀን የለም።

ካድሬውን አመለጥኩ፤ ጨዉን ግን አላመለጥኩም። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ «መምህር፣ ከብት ልታደልብ ነው?» ብሎ ከለከለኝ። ቢጨንቀኝ ከገበያ ለከብት የሚገዛውን አሞሌ ጨው አምጥቼ፣ በሙቀጫ ወቅጬ ጨመርኩት። አሞሌው ውስጥ የነበረው አፈር እንክብሎቹን ሊጥ አደረጋቸው። ከታች የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ቆመ። የሰው ሬዲዮ መጠገን የለመደ እጄ መዶሻ አነሣ። ሁለቴ መታሁት። በሦስተኛው የታችኛው ክዳን ተፈናጥሮ ሄደና እንክብሉ ሁሉ ግቢው ላይ ፈሰሰ። የእትዬ ባንቺ ዶሮዎች ማን እንደጠራቸው አላውቅም፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ቀና እስክል ግማሹን ለቅመውታል።

«ዶሮዎቼን ምን አበላሃቸው?» አሉ እትዬ ባንቺ በአጥሩ ላይ።

«ማለስለሻውን።»

«እንግዲህ ለስላሳ እንቁላል ይጥሉልኛል» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከበርሜሉ ሥር ተቀመጥኩና የቀረውን እንክብል ከጭቃው እየለየሁ ለመልቀም ሞከርኩ። ይርገዱ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። «ተወው በቃ፤ ደክሞሃል» አለችኝ።

በማግስቱ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። እንስራውም ከቦታው የለም። ደብተሬን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። ቁልቁል ሮጥኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ አገኘኋት። ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች፤ አፉ በቅጠል የተወተፈ ሙሉ እንስራ ከጎኗ ድንጋይ ተደግፏል።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«እንዳትሸከሚ አልተባልሽም?»

«ተብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ማን ይምጣ?» አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም። የእውነት ጠይቃኝ ነው፤ የማውቀው ሰው ካለ እንድነግራት። ወንድ እንጨት ይፈልጣል፣ ጆንያ ይሸከማል፤ እንስራ ግን አያዝልም። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ በቀኝ እጄ እንድበላ የተነገረኝን ያህል እንኳ አልተነገረኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ ሳምንት አሸንዳ ሳስብ፣ አህያ ሳፈላልግ፣ ጨው ስወቅጥ፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላውን ጤነኛ ጀርባዬን አንድ ቀን ከቁጥር አላስገባሁትም። ያን ጊዜ አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ገመዱን አምጪ» አልኳት።

«ምን ልታደርገው?»

«ልሸከመው።»

«አብደሃል? ሰው ያይሃል! ተማሪዎችህስ?»

«ይዩኝ» አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቻት ተንበረከክኩ። ገመዱን ደረቴ ላይ አሰረችልኝ። ስነሣ ቅጠሉ ተንሸራተተና በረዶ የመሰለ ውሃ ከማጅራቴ እስከ ካልሲዬ ወረደ። «ወገብህን ጎንበስ፣ እግርህን ሰፋ አድርግ፤ አትቸኩል» እያለች ከኋላዬ ትመራኛለች። አስተማሪው እኔ የዚያን ቀን ተማሪ ሆንኩ። ትንሽ እንደሄድን «አንተ ቅደም፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ብላ ቀረች።

ከገደሉ አፋፍ ስደርስ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ አየኝና ቆመ። ቆቡን አወለቀ። «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ» አለኝ በጣም አዝኖ። ጥሩ ሰው ነው ብዬ «አሜን» አልኩ፤ ለሸክሙ መስሎኝ ነው። ሁለት ሴቶችም አዩኝና አንገታቸውን ደፍተው አሳለፉኝ። የሚስቅ ሰው ስጠብቅ የሚስቅ ጠፋ።

ወደ ሰፈር ስገባ እትዬ ባንቺ ከበራቸው ላይ ቆመው ነበር። እኔን አዩ፤ እንስራውን አዩ፤ ከኋላዬ ባዶውን መንገድ አዩ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወረደ።

«ወይኔ! ወይኔ ይርገዱ! ወይኔ እህቴ!»

ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ከየበሩ ሰው ወጣ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡና «መቼ ዐረፈች?» አሉ። ልናገር ብል ገመዱ ደረቴን አንቆ ትንፋሼን ያዘው። የገበሬው «እግዜር ያጽናህ» ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ሰፈር ወንድ እንስራ አዝሎ ቢታይ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስቱ ሞታለች። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሚስቱ በሕይወት እያለች እንስራ የሚያዝል ወንድ ሊያዩ ይችላሉ ብለው አስበው አያውቁም። እኔም አስቤ አላውቅም ነበር።

ይርገዱ ሆዷን ደግፋ፣ ቀስ እያለች፣ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ልቅሶው መሐል ላይ ቆመ።

«አንቺ! አልሞትሽም?» አሉ እትዬ ባንቺ።

«ኧረ አልሞትኩም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ እንስራ የተሸከመው ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ገመዱን በጣቴ ትንሽ ሳብ አድርጌ ትንፋሽ አገኘሁ።

«እንዳትሞት ነው» አልኩ።

እትዬ ባንቺ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከኋላዬ መጥተው፣ ቤት እስክንገባ ድረስ እንስራውን ከሥሩ ደገፉልኝ።